የፕሮዳክት ማኔጀርነት ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት ይጀመራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮዳክት ማኔጀር ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?

እንደ አፕ ያለ ምርት የሚሠራ ቡድን ቀጥሎ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ይወስናል፤ ለውሳኔውም ምክንያቱን ያቀርባል። ዲዛይነሩ መልኩን ያወጣል፣ ዴቨሎፐሩ ኮዱን ይጽፋል፤ ፕሮዳክት ማኔጀሩ ደግሞ «ይህ የማን ችግር ነው? ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? ብንፈታው መፈታቱን በምን እናውቃለን?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይዞ ይመጣል። ጠዋት 2፡30 ላይ ከቡድኑ ጋር የ15 ደቂቃ አጭር ስብሰባ አለ። ከዚያ ወደ ጥሪ ማዕከሉ የመጡ ቅሬታዎች ይነበባሉ፣ ከሕግ ክፍሉ ጋር ይነጋገራል፣ አንድ ፊቸር (የምርቱ አንድ ተግባር) ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድና በሁለት ገጽ ይጻፋል፤ ከሰዓት በኋላ የተሠራው በስልክ ላይ ይሞከራል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመጻፍና ሰው በማነጋገር ነው።

«ማኔጀር» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል። ዴቨሎፐሩም ዲዛይነሩም የእሱ ሠራተኞች አይደሉም፤ ሊያዛቸው አይችልም፣ ሊያሳምናቸው ግን ይገባል። ማስረጃ መሰብሰብ የሥራው ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ከፕሮጀክት ማኔጀር በምን ይለያል? ፕሮዳክት ኦነር የሚባለውስ?

አንድ ባንክ 40 ኤቲኤም ሊተክል ነው እንበል። በተባለው ቀንና በተያዘው በጀት ተተክለው ማለቃቸው የፕሮጀክት ማኔጀሩ ኃላፊነት ነው፤ ማሽኖቹ ሲተከሉ ሥራው ያልቃል። ማሽኖቹ ከተተከሉ በኋላ የቅርንጫፉ ሰልፍ ለምን አልቀነሰም ብሎ የሚጠይቀው ፕሮዳክት ማኔጀሩ ነው፤ ለእሱ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ፕሮዳክት ኦነር ደግሞ ሥራን በአጭር በአጭር ዙር ከፍሎ በሚያስኬደው፣ ስክረም በሚባለው አሠራር ውስጥ ያለ ሚና ሲሆን ባክሎግ የተባለውን የሥራ ዝርዝር በቅደም ተከተል ይይዛል።

የሥራ ማስታወቂያዎች ሦስቱን እያቀላቀሉ ስለሚጽፉ ርዕሱን ሳይሆን የኃላፊነት ዝርዝሩን ያንብቡ። በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ኮንትራክተር የሚሉት ቃላት ከበዙበት የፕሮጀክት ሥራ ነው።

የተማርኩት ሌላ ነው። ይከለክለኛል?

አይከለክልም። የሙያው ጅምር ራሱ ከሶፍትዌር ጋር አይገናኝም፤ ከሳሙና ገበያ የመጣ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. ኒል ማክኤልሮይ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሠራተኛ የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ሲይዝ፣ ለእያንዳንዱ ምርት ከሽያጩ እስከ ማስታወቂያው ድረስ የሚከታተለው አንድ ባለቤት ይኑረው ብሎ በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ። የዛሬው ፕሮዳክት ማኔጀር የዚያ ሐሳብ ዘር ነው። አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ ይገባበታል። አካውንቲንግ የተማረ ሰው የክፍያ ሥርዓት ውስጥ ሒሳብ የማይገጥምበትን ቦታ ቶሎ ያያል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ኮድ መጻፍ ግዴታ ነው?

መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ሲነገር መረዳት ግን ግዴታ ነው። ኤፒአይ (ሁለት ሶፍትዌሮች የሚነጋገሩበት መንገድ) ምን እንደሆነ፣ ሰርቨር ሳይመልስ ሲቀር ተጠቃሚው ስልክ ላይ ምን እንደሚታይ፣ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንመክራለን፤ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ይማሩ። ሠንጠረዥ ማጣራት፣ መቁጠር፣ በምድብ መሰብሰብና ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘት ይበቃል፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለተቀመጠ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዳታ የሚያወጣውን ባለሙያ ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚለምን ሰው ውሳኔው ሁልጊዜ በሁለት ቀን ይዘገያል።

በሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ውስጥ የዳታ መሠረታዊ ኮርስ በነጻ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የሚያስቸግርዎ ከሆነ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ መቀመጫ ነው።

ሥራው የት ነው ያለው? በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ብዙም አናይም።

ስሙን ብቻ ከፈለጉ አያገኙትም። ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም ድረስ ባለው መንገድ ንግድ ባንክ፣ ዘመን፣ ንብ፣ ኅብረትና ወጋገን ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ተክለዋል። ባንኮች ውስጥ ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዲጂታል ባንኪንግ በሚባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ቢዝነስ አናሊስት» ወይም «የዲጂታል ፕሮዳክት ኦፊሰር» ይባላል። በግንቦት 2013 ቴሌብር፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ሲጀምሩ የሞባይል ገንዘብ ከባንክ ሕንፃ ወጥቶ የቴሌኮም ሥራም ሆኗል። እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉት የክፍያ ድርጅቶች፣ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት የታክሲ አገልግሎቶች፣ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎችም አሉ።

ስለዚህ ኢትዮጆብስ፣ ሀሁጆብስ፣ አፍሪወርክና ሊንክድኢን ላይ ሲፈልጉ ከዋናው ስም ጋር «ቢዝነስ አናሊስት»፣ «ፕሮዳክት ኦነር»፣ «ዲጂታል ቻናል» እና «ፕሮዳክት ዴቨሎፕመንት» የሚሉትንም ይጨምሩ።

ሆኖም ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባበት ሰፊው በር ማስታወቂያ አይደለም። ሌላ ሥራ ላይ ሆኖ ከውስጥ መሸጋገር ይቀላል። ጥሪ ማዕከል፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ የቅርንጫፍ ደንበኞች አገልግሎት፣ ነጋዴዎችን የሚመዘግብ የመስክ ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ የተጠቃሚውን ችግር ከዋና መሥሪያ ቤቱ ቀድመው የሚሰሙ ናቸው። ጥሪ ማዕከል ውስጥ ከሆኑ ለአራት ሳምንት የሚቀበሏቸውን ቅሬታዎች በምድብ ይቁጠሩ፤ በብዛት የመጡትን ሦስቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ምርቱን ለያዘው ሰው ይስጡ። ለቅርብ አለቃዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከጀርባ የሄዱ ከመሰለ የሚጠቅመው ወረቀት ጠብ ያስነሣል።

ልምድ የለኝም፤ ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ አይቀጠርም። ምን ይዤ ልቅረብ?

አንድ እውነተኛ ችግር፣ በዓይን ታይቶ፣ ተቆጥሮ፣ በሦስት ገጽ የተጻፈ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ።

ምሳሌውን ከፒያሳ አንድ ካፌ እንውሰድ። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ያለ ፈቃድ ካሸር አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የገቢዎች ሠራተኛ ይመስላል፣ ያኔ ሁሉም ሰው ጠባዩን ይቀይራል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከ6፡00 እስከ 8፡00፣ ለሦስት ቀን ይቀመጡ። ወረቀትዎ ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ሒሳብ የተጠየቀበት ሰዓት፣ የተከፈለበት መንገድ፣ «እሺ፣ ገብቷል» የተባለበት ሰዓት፣ ካሸሯ በመሐሉ ያደረገችው፣ ሌላ ሰው መጠራት አለመጠራቱ።

የሚያዩት አንድ ረድፍ እንዲህ ያለ ነው። 7፡12 ላይ ደንበኛው ገንዘቡን አስተላልፎ ስልኩን አዙሮ ያሳያል። ካሸሯ በሐሰተኛ ስክሪንሾት ተታልላ ስለምታውቅ ስክሪኑን ብቻ አይታ አትለቅም፤ የግብይት ቁጥሩን መጨረሻ በደረሰኙ ጀርባ ትጽፋለች። ሒሳቡ በባለቤቱ ስም ስለሆነ የመግቢያው መልእክት የሚደርሰው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ትደውላለች፤ አይነሣም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኋላው ሁለት ሰው ተሰልፏል። 7፡18 ላይ ባለቤቱ መልሶ ደውሎ «ገብቷል» ይላል። ስድስት ደቂቃ።

እዚህ ላይ ችግሩ መክፈል እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። መክፈሉ ግማሽ ደቂቃ ነው የወሰደው፤ ጊዜውን የበላው ማረጋገጡ ነው። ይህን ሳያዩ ቤታቸው ተቀምጠው ፊግማ (የስክሪን ንድፍ መሥሪያ) የከፈቱ ሰዎች ያማረ የመክፈያ ስክሪን ሠርተው ይመጣሉ፤ የተሳሳተውን ችግር ስለፈቱ ጠያቂው በሁለት ደቂቃ ይይዛቸዋል።

ከዚያ የጥበቃ ጊዜዎቹን በቅደም ተከተል ደርድረው መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ይውሰዱ። አማካይ አይውሰዱ፤ ባለቤቱ ስልኩን ቤት የረሳበት አንድ ቀን የ40 ደቂቃ ጥበቃ አስገብቶ አማካዩን ያበላሻል። ቀጥለው በጣም ትንሹን መፍትሔ ያስቡ። ምናልባት አፕ ጨርሶ አያስፈልግም፤ በካፌው ስም የነጋዴ አካውንት ተከፍቶ መልእክቱ ካሸሯ ጠረጴዛ ላይ ባለ ተራ ስልክ እንዲደርስ ማድረግ ይበቃ ይሆናል። ባለቤቱ ከተስማማ ለአንድ ሳምንት ይሞከር፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወረቀት እንደገና ይቁጠሩ።

የሚያቀርቡት ጽሑፍ የመጀመሪያው ገጽ ያዩትን፣ ሁለተኛው ቁጥሮቹንና የተዉዋቸውን አማራጮች ከነምክንያታቸው፣ ሦስተኛው ውጤቱንና አሁንም ያልተፈታውን ይያዝ። የተዉትን አማራጭ መጻፍ አይርሱ፤ ጥሩ ቀጣሪ ከሁሉ በፊት እሱን ያነባል። የሰው ስምና የሒሳብ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ አያስገቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ደግሞም የሰው ገመና ነው።

ተጠቃሚ ሲጠየቅ እውነቱን አይነግረንም፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። ምን ይሻላል?

ጥያቄውን ይቀይሩ። «እንዲህ ያለ አፕ ቢኖር ይጠቀሙበታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በይሉኝታ «በጣም እንጂ! በርቱ» ይላል። መልሱ ለእርስዎ የተሰጠ ማበረታቻ ነው፣ መረጃ የለውም። ስላለፈው ይጠይቁ፦ «መጨረሻ ጊዜ ብር የላኩት መቼ ነው? ለማን? አልሄድ ሲልዎ ምን አደረጉ?» ሰው የሠራውን ሲናገር ይሉኝታ አይዘውም። ከተቻለ እየሠራ ይዩት፤ ስልኩን እሱ ይያዝ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ሲቸገር እጅዎ ለመጠቆም ይቸኩላል፤ ይታገሱ፣ የሚፈልጉት ያንን ቦታ ነው።

ሠራተኛን በአለቃው ፊት፣ ሚስትን በባል ፊት አይጠይቁ። ትልልቅ ሰዎችን «እማማ»፣ «አባባ» ብሎ በወግ ቀርቦ፣ ቡና ካለ ቡናውን ጠጥቶ መጀመር ያስፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ የሚበላው ይህ ወግ ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ይከፍተዋል። ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው፣ የአጠቃቀም ምቾት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን የስክሪን ችግር ለማግኘት አምስት ሰው አብዛኛውን እንደሚያወጣ አሳይቷል፤ ይህ ግን አምስቱ አንድ ዓይነት ተጠቃሚ ሲሆኑ ነው። ነጋዴና ተማሪ ከሆኑ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ይውሰዱ።

እዚህ አገር ምርት ላይ በብዛት የሚበላሸው ምንድን ነው?

ከውጭ የተቀዳ ፎርም። እነዚህን የሚያውቅ ጀማሪ ከብዙ ባለ ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ስም፦ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ፎርሙ ሁለት ሳጥን ብቻ ካለው በሁለተኛው ሳጥን አንዱ ሰው የአባቱን፣ ሌላው ሰው የአያቱን ይጽፍበታል፤ ከባንኩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር አይገጥምም። ፍለጋውም እንዲሁ፦ «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ እንዲታዩ በጽሑፍ ለዴቨሎፐሩ መነገር አለበት።

ሰዓት፦ «ነገ 3 ሰዓት» ለተጠቃሚው ጠዋት ነው፤ ሲስተሙ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይመድብለታል። «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል አብሮ ይቅረብ። በወር የሚከፈል አገልግሎት ከሆነ ጳጉሜን እንዴት እንደምትቆጠር፣ አምስትም ስድስትም ቀን ስትሆን፣ አስቀድሞ ይወሰን።

ስልክ ቁጥር፦ በ09 የሚጀምርን ብቻ የሚቀበል አሮጌ ፎርም የ07 ደንበኞችን በር ላይ ይመልሳል።

አጭር መልእክት፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከ70 ሲያልፍ እየተከፋፈለ ይላካል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። ስለዚህ 150 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት የሦስት መልእክት ዋጋ ያስከፍላል። በሺዎች ለሚቆጠር ደንበኛ ሲላክ ይህ የበጀት ጥያቄ ነው፤ መፍትሔው አማርኛውን መተው ሳይሆን ማሳጠር ነው።

አድራሻ፦ ሰው የሚነግርዎ ምልክት ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ከ2016 ጀምሮ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ምልክት ከነበሩት ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የዕቃ ማድረስ አገልግሎት ከሆነ «ከየት አጠገብ?» የሚለውን ሳጥን ከካርታው ነጥብ ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ ለአሽከርካሪው የመደወያ ቁልፍ ጎልቶ ይታይ።

ኔትወርክና ስልክ፦ ስማርት ስልክ የሌለው ተጠቃሚ ብዙ ነው፤ ቴሌብር በ*127# የሚሠራው ለዚህ ነው። ባለ ስማርት ስልኩም ቢሆን ክፍያ መሐል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥበት «ተቆርጦብኝ ይሆን?» ብሎ ደግሞ ይከፍላል። ስክሪኑ የክፍያውን ሁኔታ በግልጽ ይናገር።

ከቁጥር ጋር ምን ያህል መተዋወቅ አለብኝ?

መቶኛ ማስላትና ቁጥርን መከፋፈል ይበቃል። ለምሳሌ አንድ አፕ 1,000 ሰው ከፈተው እንበል፤ 620ው ስልክ ቁጥሩን አስገባ፣ 410ሩ በመልእክት የተላከለትን የማረጋገጫ ኮድ ሞላ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ 66 በመቶ አልፏል፤ ክፉ አይመስልም። አሁን ይከፋፍሉት፦ ከ500 የ09 ቁጥሮች 380 አልፈዋል፣ 76 በመቶ። ከ120 የ07 ቁጥሮች ግን 30 ብቻ፣ 25 በመቶ። ችግሩ አንደኛው ኔትወርክ ላይ ኮዱ አለመድረሱ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑን ማሳመር አይጠቅምም፤ መልእክት የሚያስተላልፈውን ድርጅት ማነጋገር ነው።

ቅደም ተከተል ለማውጣት ራይስ የሚባለው ስሌት በቃለ መጠይቅ ይነሣል፦ የሚደርሳቸው ሰዎች ብዛት በጉዳዩ ክብደትና በእርግጠኝነትዎ ይባዛል፣ ለሚፈጀው ጉልበት ይካፈላል። 4,000 ሰው፣ ክብደት 1፣ እርግጠኝነት 80 በመቶ፣ የሁለት ወር ሥራ፤ 1,600 ይሆናል። ቁጥሩ ውይይት ለመክፈት ጥሩ ነው። ብሔራዊ ባንክ ያዘዘው ለውጥ ግን ውጤቱ ስንትም ቢሆን ይቀድማል።

ሰርተፊኬት ልግዛ?

ለመጀመር አያስፈልግም። የስክረም ሰርተፊኬት ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ከተጠየቀ ይጠቅማል፤ ካልሆነ ገንዘቡን ለኢንተርኔትና ለትራንስፖርት ያድርጉት፣ ከላይ ያልነውን ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይሥሩበት።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይጠየቃል?

«የምትወደውን አፕ ንገረን፣ ምን ታሻሽላለህ?» የሚለው አይቀርም። ብዙ ሰው የሚወድቀው ወዲያው አሥር ፊቸር መዘርዘር ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ለማን እንደሚያሻሽሉት ይወስኑ፤ መርካቶ ያለ አከፋፋይና 6 ኪሎ ያለች ተማሪ አንድ አፕ ቢጠቀሙም ችግራቸው ለየቅል ነው። ከዚያ አንድ ችግር፣ ሁለት ሦስት አማራጭ፣ አንድ ምርጫ፣ መለኪያው። ሁለተኛው የተለመደ ጥያቄ «ቁጥሩ በአንድ ሳምንት 20 በመቶ ወረደ፣ ምን ታደርጋለህ?» ነው። መለኪያው ራሱ መበላሸት አለመበላሸቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቀጥሎ በዓል ወይም የጾም ፍቺ ነበር ወይ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር ወይ፣ አዲስ የአፕ ዕትም ወጥቶ ነበር ወይ ይበሉ።

ሲቪዎ ላይ «ኃላፊነት ወስጄ ሠርቻለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ «በቀን ወደ 60 የሚደርስ ቅሬታ በምድብ ከፍዬ፣ ትልቁን አሳይቼ አስተካክለናል» የሚል፣ የራስዎ እውነተኛ ቁጥር ያለበት መስመር ይጻፉ። ሁለት ገጽ ይብቃው።

ደመወዝ ስደራደር ምን ልጠይቅ?

የተነገረዎት ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ? ይህን ሳይጠይቁ አይስማሙ። ከጥቅሉ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይነሣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ያዋጣል። የትራንስፖርትና የስልክ አበል፣ ሕክምና፣ ላፕቶፕ ለየብቻ ይጠየቁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን።

ከተቀጠርኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት ልያዝ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበቱ ይችላሉ። አዲስ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ፍርሃት ምክንያት ትልቅ ፊቸር ይዞ ብቅ ለማለት መሮጡ ነው። ምርቱን ገና አያውቀውም፤ ዴቨሎፐሮቹ ባለፈው ዓመት ሞክረው የተዉትን እንደ አዲስ ያመጣባቸዋል።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ጥሪ ማዕከል ይቀመጡ፣ ማዳመጫ ያድርጉ። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ወይም ነጋዴው ሱቅ ይዋሉ። አገልግሎቱን በራስዎ ስልክ ከምዝገባ እስከ ክፍያ ይጠቀሙ፤ የተደናቀፉበትን ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይንዎ ስለሚለምደው አያዩትም። ከእያንዳንዱ ዴቨሎፐር ጋር ለየብቻ ቡና ጠጥተው «ከዚህ በፊት ተሞክሮ ያልሠራው ምንድን ነው? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ከቅሬታዎቹ ውስጥ በሁለት ሳምንት ሊያልቅ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ይምረጡ፤ የማይገባ የስሕተት መልእክትን ወደ ሰው አማርኛ መመለስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ከለውጡ በፊትና በኋላ ስለዚያ ጉዳይ የመጣው የቅሬታ ቁጥር በአንድ ገጽ ተጽፎ አለቃዎ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ።